ስሙን ከበር ላይ ያስፋቀው መርማሪ

ሳም ስፔድን መጀመሪያ ያየሁት ሌሊት ጠላሁት። በጣም ነው የጠላሁት። ፊልሙ «ዘ ማልቲዝ ፋልከን» ይባላል፣ በ1941 የወጣ ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ስፔድን ሆኖ የሚሰራው ሃምፍሪ ቦጋርት ነው። ሰውየው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ማይልስ አርቸር ከሚባል ሸሪኩ ጋር የግል ምርመራ ቢሮ አለው። አንድ ሌሊት ስልክ ይጮሃል፣ አርቸር ተገድሏል። ስፔድ ተነስቶ ምን ያደርጋል መሰላችሁ፣ ጸሐፊው ጋ ይደውልና መርዶውን ለአርቸር ሚስት አንቺ ንገሪልኝ ይላታል። ራሱ አይሄድም። ለምን እንዳልሄደ ጠዋት ላይ ይገባችኋል፣ የሟቹ ሚስት ጥቁር ለብሳ ቢሮው ትመጣና ስትጠመጠምበት ለካ ከሷ ጋር ነገር ነበረው። ከዛ ሊወጣ ሲል ለጸሐፊዋ እግረ መንገዱን የሚላት ነገር አለ፣ በሩና መስኮቱ ላይ ያለው «ስፔድ እና አርቸር» የሚለው ይነሳና የኔ ስም ብቻ ይጻፍ። ሰውየው እኮ ገና አልተቀበረም!

እኔ ያደግኩት ሰው ሲሞት ድንኳን በሚተከልበት፣ ጎረቤት እንጀራና ወጥ ይዞ በሚመጣበት ሰፈር ነው፣ ተኳርፎ የኖረ ሰው እንኳን ነጠላውን አዘቅዝቆ መጥቶ ጥግ ይቀመጣል። ስለዚ ይሄ ሰውዬ ምን አይነት ድንጋይ ነው ብዬ ፊልሙን ላጠፋው ነበር። አላጠፋሁትም፣ እንኳንም አላጠፋሁት።

ያኔ ሎስ አንጀለስ ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ሽፍት ነበር የምሰራው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ መኪና አይመጣም ማለት ይቻላል፣ አንድ ቡዝ ውስጥ ቁጭ ነው፣ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ከከተማው ቤተመጻሕፍት በነጻ ዲቪዲ እየተዋስኩ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አይ ነበር። አሮጌዎቹ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ላይ የቆየሁት መጀመሪያ በቋንቋው ምክንያት ነው፣ ሰብታይትል አላቸው፣ ሰዎቹም ሲያወሩ ቃሉን አጥርተው ነው የሚያወሩት። ከዛ ግን ሌላ ነገር ያዘኝ። ፓርኪንጉ ያለበት ኮረብታ ባንከር ሂል ይባላል፣ በነዛ ፊልሞች ዘመን ትልልቅ የእንጨት ቤቶች ነበሩበት፣ ድሮ የሀብታም የነበሩና በኋላ ክፍል ክፍል ተደርገው ለድሃ የተከራዩ ቤቶች። በ1960ዎቹ ከተማው ጠራርጎ አፈረሳቸውና ፎቅ ቆመበት፣ ከፎቁ ስር ደሞ ፓርኪንግ። አንድ ሌሊት «ኪስ ሚ ዴድሊ» የሚለውን የ1955 ፊልም እያየሁ መርማሪው ወደዛ ኮረብታ ሲሄድ ከጎኑ ኤንጅልስ ፍላይትን አየኋት፣ በገመድ የምትጎተተዋን ትንሽ ባቡር፣ በየቀኑ ሥራ ስገባ የማያትን! በ1901 ነው የተጀመረችው፣ በ1969 ከቦታዋ ተነሳች፣ በ1996 ትንሽ ራቅ ብላ እንደገና ተተከለች። ከዚህ ኮረብታ ላይ ከሰው ቤቱ በሙሉ እሷ ብቻ ናት የተረፈችው ማለት ይቻላል፣ የቀረውን ያስቀመጡት ፊልሞቹ ናቸው። ቡዜ ውስጥ ቁጭ ብዬ ከስሬ ያለው መሬት ማን ይኖርበት እንደነበር ማየት ጀመርኩ፣ ከዛ ሌሊት በኋላ እንግሊዝኛ ለመማር አልነበረም የማየው።

ወደ ስፔድ ልመለስ።

ፊልሙ መጨረሻ ላይ አርቸርን የገደለችው ብሪጂድ መሆኗን ያውቃል፣ የወደዳት ሴት ናት፣ ወይም የወደዳት ይመስላል፣ እሱም ራሱ እርግጠኛ አይደለም። ትለምነዋለች፣ ታለቅሳለች። አሳልፎ ለፖሊስ ይሰጣታል። ለምን ስትለው የሚደረድራቸው ምክንያቶች አሉ፣ ለራሱ መስጋቱን አይደብቅም፣ ሙያውንም ያነሳል፣ ከሁሉም በላይ ግን ልቤ ላይ የቀረው ሃሳብ ይሄ ነው፦ የሰው ሸሪክ ሲገደል የሆነ ነገር ማድረግ አለበት፣ ሰውየውን ብትወደውም ባትወደውም ለውጥ የለውም፣ ሸሪክህ ነበር። አርቸርን እኮ አይወደውም። በቁሙ በድሎታል፣ ሚስቱን ወስዶበታል፣ ስሙን ከበር ላይ አስፍቋል፣ መርዶውን እንኳን በአፉ አልተናገረም። እና የዛን ሰው ዕዳ ነው የሚከፍለው፣ ያለውን አንድ ነገር ሰጥቶ ነው የሚከፍለው። ብሪጂድ በሊፍቱ ስትወርድ የሊፍቱ ፍርግርግ ጥላ ፊቷ ላይ ያርፋል እንደ እስር ቤት ብረት፣ እሱ በደረጃው ይወርዳል፣ እጁ ላይ ያ ሁሉ ሰው የተገደለበት የወፍ ሐውልት አለ፣ ወርቅ ነው የተባለው እርሳስ ሆኖ የተገኘው።

ሰዎች ስለነዚህ ፊልሞች ሲያወሩ ኮፍያውን፣ ሲጋራውን፣ ካፖርቱን፣ ዝናቡን ነው የሚያነሱት፣ ጥሩ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን በጣም የሚያናድደኝ መርማሪው የሚወደደው «መጥፎ ልጅ» ስለሆነ ነው ሲባል ነው። አይደለም! መጥፎ ሰው ፊልም ላይ ሞልቷል። የዚህኛው ልዩነቱ ጥፋቱን ቀድሞ ነው የምታውቁት፣ እሱም ያውቀዋል፣ ከዛ በኋላ አንድ ትክክለኛ ነገር ያደርጋል፣ ያም ነገር አያጥበውም። ይሄ ነው ነገሩ። ስፔድ ገዳይዋን ስላስያዘ ጻድቅ አልሆነም፣ የበደለው ሰው ሞቷል፣ ይቅርታ የሚለው ሰው የለም። ዕዳውን የሚከፍለው ደረሰኝ የሚሰጠው ሰው በሌለበት ነው።

የእንግሊዞቹ መርማሪዎች፣ አለ አይደል፣ እንቆቅልሹን ከሩቅ የሚፈቱት፣ በአብዛኛው ወንጀሉ እነሱን አይነካም፣ ፈትተው ሻይ ይጠጣሉ። የአሜሪካኖቹ ግን ሲመረምሩ መጨረሻ ላይ ራሳቸውን ነው የሚያገኙት። ይሄ ደሞ ከጸሐፊዎቹም የመጣ ይመስለኛል። ሳም ስፔድን የፈጠረው ዳሺል ሃሜት ፒንከርተን ለሚባለው የግል ምርመራ ድርጅት የሰራ ሰው ነው፣ ከወንበሩ ሆኖ አይደለም የጻፈው። በኋላ በ1951፣ ያ ሰው በፖለቲካው እየተጠረጠረ ስም በሚጠየቅበት ዘመን፣ ለእስረኞች ዋስትና ገንዘብ ያዋጡትን ሰዎች ስም ተናገር ሲባል አልናገርም ብሎ ወራት ታስሯል፣ ሳንባው በበሽታ የተጎዳ ሰው ነው። ማርሎ የሚባለውን መርማሪ የፈጠረው ሬይመንድ ቻንድለር ደሞ እዚሁ ሎስ አንጀለስ የነዳጅ ኩባንያ ትልቅ ሰራተኛ ነበር፣ በመጠጥና ከሥራ በመቅረት በ1932 ተባረረ፣ አርባ አራት ዓመቱ ነበር። የመርማሪ ታሪክ መጻፍ የጀመረው ከዛ በኋላ ነው። በአርባ አራት ዓመቱ ሁሉ ነገር ተበላሽቶበት ከዜሮ የጀመረ ሰው የሚጽፈው መርማሪ ንጹህ ቢሆን ነበር የሚገርመኝ።

ለነዚህ ፊልሞች ስም ያወጡላቸው ፈረንሳዮች ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ ፊልም ፓሪስ አይገባም ነበር፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ፊልሞቹ ባንዴ ገቡ፣ እና በ1946 ኒኖ ፍራንክ የሚባል ሃያሲ እነዚህ ሌላ ነገር ናቸው ብሎ «ፊልም ኑዋር» አላቸው፣ ኑዋር ጥቁር ማለት ነው። ጨለማውን ያመጡት ብዙዎቹ ከሂትለር የሸሹ ስደተኞች ናቸው፣ ቢሊ ዋይልደር፣ ሮበርት ሲዮድማክ፣ ፍሪትዝ ላንግ፣ እነ ኦቶ ፕሬሚንገር ከቪየና። የስደተኛ እጅ እንዳለበት ሳላነብም ጠርጥሬ ነበር፣ ከተማው ላይ ያለው አይን የተወለደበት ሰው አይን አይመስልም፣ ማታ ብቻውን ከሥራ የሚመለስ ሰው አይን ነው። ከ1934 ጀምሮ ደሞ ሆሊውድ ላይ ጥብቅ የሳንሱር ሕግ ነበር፣ ወንጀለኛ ሳይቀጣ ማለፍ የለበትም፣ ዝሙት በግልጽ አይታይም፣ ስለዚ ብዙው ነገር በጥላ ይነገራል፣ በአግድም በተደረደረው የመስኮት መጋረጃ መሃል የሚገባው ብርሃን ሰውየው ፊት ላይ መስመር መስመር ሰርቶ ሲያርፍ ሳይናገር ገባችሁ ማለት ነው።

ሸሪክ የሚለው ነገር አንዴ ከያዘኝ በኋላ በየፊልሙ እሱን ነው የማየው። «ተች ኦቭ ኢቭል» የ1958 ነው፣ ኦርሰን ዌልስ ራሱ ዳይሬክት አድርጎት ራሱ ዋናውን ክፉ ሰው ይሰራል፣ ኩዊንላን የሚባል ወፍራም አንካሳ የፖሊስ መኮንን፣ ከሜክሲኮ ድንበር ያለች ከተማ ውስጥ። ይሄ ሰው ከዓመታት በፊት ሚስቱ ታንቃ ተገድላለች፣ ገዳዩ በማስረጃ እጦት አምልጧል። ከዛ ወዲህ ማንም አያመልጠውም፣ ምክንያቱም ማስረጃውን ራሱ ያስቀምጠዋል። ፈንጂው ተጠርጣሪው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ካርቶን ውስጥ ሲገኝ፣ ሜክሲካዊው መርማሪ ካርቶኑን ቀድሞ አይቶት ባዶ እንደነበር ያውቃል፣ እዛ ላይ ነው የሚነቃበት። እና ሜንዚስ የሚባል ረዳት ፖሊስ አለው፣ ወዳጁ፣ ኩዊንላን ድሮ በሱ ፈንታ ጥይት ተቀብሎለታል፣ የሚያነክሰው በዛ ነው። ይሄ ሜንዚስ ነው በመጨረሻ ድምጽ መቅረጫ ደብቆ የሚያስለፈልፈው። ነፍሱን ያተረፈለትን ሰው! ይሄን ክፍል ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይንቦጫቦጫል። ሁለቱም በጥይት ይሞታሉ፣ አንዱ በአንዱ እጅ። እና ያ በሐሰት ማስረጃ የተያዘው ልጅ ለካ አምኗል፣ የኩዊንላን ግምት ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ምንም አላዳነውም። እኔ ኩዊንላንን ጀግና አልለውም፣ ግን ልጠላው አልችልም፣ ሚስቱን የገደለውን ሰው በየተጠርጣሪው ፊት እያየ ነው የኖረው።

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን «ቻይናታውን» ነው፣ 1974፣ በቀለም የተሰራ፣ ጸሐዩ የሚያቃጥል፣ ጨለማው ሰዎቹ ውስጥ የገባ። ጃክ ኒኮልሰን ጄክ ጊቲስ የሚባል የግል መርማሪ ነው፣ እንጀራው የባልና ሚስት መካካድ ፎቶ ማንሳት ነው። አንዲት ሴት የከተማው የውሃ መሥሪያ ቤት ዋና መሐንዲስ ሚስት ነኝ ብላ ትመጣና ባሌን ተከታተልልኝ ትለዋለች፣ ያነሳው ፎቶ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ከዛ እውነተኛዋ ሚስት ከጠበቃ ጋር ትመጣለች፣ ያቺኛዋ ውሸቷን ነበር። መሐንዲሱ ሞቶ ይገኛል። ነገሩ የውሃ ሌብነት ነው፣ ድርቅ ነው እየተባለ ማታ ማታ ውሃ ይደፋል፣ መሬት በርካሽ ይገዛል። ይሄ ደሞ ሥሩ እውነት ነው፣ ሎስ አንጀለስ በ1913 ከኦወንስ ሸለቆ 375 ኪሎሜትር ያህል ቦይ ስባ ውሃውን አመጣችው፣ የሸለቆው ገበሬ ከነማሳው ደረቀ፣ ፊልሙ ታሪኩን ወደ 1937 ገፋው እንጂ። እስከዛሬም ከቧንቧችን የሚወርደው ውሃ ከፊሉ ከዛ ነው የሚመጣው። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ብርጭቆ ስሞላ ትዝ ይለኛል።

ጊቲስ ድሮ ቻይናታውን ውስጥ ፖሊስ ነበር። እዛ አንዲት ሴት እንዳትጎዳ ብሎ ሲጥር እንድትጎዳ ያደረጋት እሱ ሆነ፣ በጨረፍታ ነው የሚያወራው፣ ከዛ በላይ አይናገርም። እና ፊልሙ በሙሉ ያንን ስህተት ደግሞ እስኪሰራው ነው የምንጠብቀው፣ ሳናውቅ። ኢቭሊንን፣ መበለቷን፣ ይጠረጥራታል። እኛም እንጠረጥራታለን፣ ምክንያቱም የዚህ አይነት ፊልም ያሰለጠነን እንደዛ ነው፣ ቆንጆዋ ሴት ውሸታም ናት፣ ሰውየውን ይዛ ገደል ትገባለች። የድሮዎቹ ፊልሞች ለሴት ፍርዳቸው ልክ ነው ብዬ አልከራከርም፣ ልክ አይደለም፣ ይሄኛው ግን ያንን ልማዳችንን ይዞ እኛን ራሳችንን ይጠይቀናል። ጊቲስ በጥፊ እየመታት ነው እውነቱን የሚያወጣው፣ እውነቱ ሲወጣ ደሞ አባቷ በልጅነቷ የደፈራት መሆኑ ነው፣ የደበቀቻት ልጅ እህቷም ልጇም ናት። በፊልሙ ውስጥ ሰው ለማዳን ስትል የዋሸችው እሷ ብቻ ነበረች። ጥፊው እኔ እጅ ላይ እንዳለ ነው የተሰማኝ፣ እኔም ስጠረጥራት ነበራ።

ከዛ በኋላ ደሞ ጊቲስ የሚያደርገውን እዩ፣ ኢቭሊንና ልጅቱ በቶሎ እንዲሸሹ ማድረግ ሲገባው፣ አባትየውን ለብቻው አግኝቶ ደርሼብሃለሁ ይለዋል። ማወቁን ማሳየት ፈለገ። አባትየው ሽጉጥ የያዘ ሰው ነበረውና አስገድደው ውሰደን ይሉታል፣ መርቶ ይወስዳቸዋል፣ ቻይናታውን። ኢቭሊን በመኪና ስታመልጥ ፖሊስ ይተኩሳል፣ መኪናው ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ጡሩንባው ሳያቋርጥ ይጮሃል። ልጅቱን አባትየው አቅፎ ዓይኗን ሸፍኖ ይወስዳታል። ስክሪፕቱን የጻፈው ሮበርት ታውን፣ ኦስካርም ያገኘበት፣ ኢቭሊን የምትተርፍበት መጨረሻ ነበር የፈለገው፣ እንዲህ ይለቅ ያለው ዳይሬክተሩ ሮማን ፖላንስኪ ነው። ፖላንስኪ ራሱ ከሦስት ዓመት በኋላ ከአንዲት የ13 ዓመት ልጅ ጋር በፈጸመው ወንጀል ጥፋተኛነቱን አምኖ ቅጣቱ ሳይነገር በ1978 ከአሜሪካ ሸሽቷል፣ ይሄን ሳልጽፍ ስለዚህ ፊልም መጻፍ ልክ አይመስለኝም፣ ፊልሙ ስለማን እንደሆነ እያወቅን።

አሁን ለምን እነዚህ ሰዎች ላይ እንደቆየሁ ልናገር፣ ከዚህ በፊት ጽፌው አላውቅም።

ፓርኪንጉ ውስጥ አብሮኝ የሚሰራ የሀገሬ ልጅ ነበር፣ ከኔ በዕድሜ ከፍ የሚል፣ ሥራውን ያስገባኝ እሱ ነው፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ወራት ሶፋው ላይ ነው ያደርኩት። በኋላ ለታናሽ ወንድሙ መንገድ ብሎ ገንዘብ አበደርኩት፣ በቀኑ አልመለሰም፣ አንድ የክርስትና ድግስ ላይ ሰው በተሰበሰበበት ጠየቅኩት። በሰው ፊት። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም፣ ዝም አለና ካፖርቱን ይዞ ወጣ። ከዛ በኋላ ሽፍት ስንቀያየር ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል፣ እጅ ለእጅ አይሰጠኝም፣ እኔም አልጠይቀውም፣ ሁለት ዓመት እንደዚ። ገንዘቡን በየወሩ በፖስታ እያደረገ ቁልፉ ስር ያስቀምጥ ነበር፣ ጨርሶ ከፍሎኛል። አንድ ጠዋት ተኝቶ አልተነሳም አሉኝ፣ ልቡ ነው አሉ። ከሥራ ቦታ የደወለልኝ ሰው እቃ ማስቀመጫው ላይ ያለውን ስሙን ላንሳው ወይስ ይቆይ ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔም አንሳው አልኩት። ስፔድን ያየሁት ከዛ በኋላ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ለምን እንደዛ እንደጠላሁት አሁን ታውቃላችሁ።

ለቅሶው ላይ ሄጄ ነበር። ሠልስቱ ቀን፣ አፓርታማው ውስጥ ያ የተኛሁበት ሶፋ ላይ ሴቶች ተቀምጠዋል፣ እኔ በሩ ጋ ፕላስቲክ ወንበር ላይ። ሚስቱ ሰው ቀለል ሲል አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። «ወንድሜ፣ ታርቃችሁ ነበር አይደል? እሱ አይነግረኝም ነበር» አለችኝ።

ከዛ ስንት ወር ቆይቶ ነው «አውት ኦቭ ዘ ፓስት»ን ያየሁት፣ የ1947፣ ሮበርት ሚቸም። ጄፍ የሚባል የቀድሞ መርማሪ ነው፣ ያለፈውን ጥሎ አንዲት ትንሽ ከተማ ነዳጅ ማደያ ከፍቷል፣ ማደያው ላይ ትልቅ ሆኖ ስሙ ተጽፏል፣ መስማትና መናገር የማይችል ልጅ አብሮት ይሰራል። ድሮ አንዲት ሴት ፈልግ ተብሎ ተልኮ አካፑልኮ ድረስ ሄዶ አግኝቷት፣ ወዷት፣ የላከውን ሰው ከድቶ አብሯት ጠፍቶ ነበር፣ ያ ነገር ፈልጎ ይመጣበታል። መጨረሻ ላይ ከዛች ሴት ጋር መኪና ውስጥ ነው፣ ለመሸሽ የሚመስል፣ ፖሊስ የጠራው ግን ራሱ ነው። መንገዱ መዘጋቱን ስታይ ትገድለዋለች፣ እሷም ትሞታለች። ከተማዋ ውስጥ አን የምትባል ከልቧ የምትወደው ልጅ አለች። ማደያው ላይ የሚሰራው ልጅ ጋ ትመጣና ትጠይቀዋለች፣ ከዛች ሴት ጋር ሊሄድ ነበር?

ልጁ ያያታል። ሊሄድ እንዳልነበር ያውቃል። እውነቱን ቢነግራት ዕድሜዋን በሙሉ የሞተ ሰው ስትጠብቅ ትኖራለች። ራሱን ይነቀንቃል፣ አዎ። እሷ ወደሚጠብቃት መኪና ትሄዳለች፣ ልጁ ቀና ብሎ ማደያው ላይ ያለውን ስም ያያል፣ በእጁ ሰላምታ ይሰጠዋል።

እኔም ያን ቀን ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ሆኜ ራሴን ነው የነቀነቅኩት። አዎ እህቴ፣ ታርቀን ነበር።